አራቱን ሞዴሎች ስንት ጊዜ እንፈትናቸው?

ስለ ሕዝብ ግንኙነት ምርምር ያለኝን ጥያቄ በሙያችን የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። የማስተርስ ማሟያ ጽሑፌን ርዕስ ለአማካሪዬ ለማቅረብ አሥር ቀን ቀርቶኝ ነበር። ቀን ቀን የምሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ የውይይት ክር ላይ ያለነው አብዛኞቻችን ወይ ትምህርቱን የተማርን ወይ ሥራውን የምንሠራ ስለሆንን፣ የሆዴን ሳልደብቅ ጻፍኩ።

ያልኩት ይህን ነበር። የቀደሙ ተማሪዎችን ማሟያ ጽሑፎች ከመደርደሪያ እያወረድኩ ሳነብ ሰነበትኩ። ርዕሳቸው ይለያያል። አንዱ ስለ ባንክ ነው፣ አንዱ ስለ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ስለ ክፍለ ከተማ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የሕዝብ ግንኙነት ተመራማሪዎቹ ጀምስ ግሩኒግና ቶድ ሃንት እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጧቸው አራት ሞዴሎች ጋ። አንደኛው ስምን ማስጮህ ነው። ሁለተኛው መረጃ ማሰራጨት። ሦስተኛው ሕዝቡን አጥንቶ ማሳመን። አራተኛው ከሕዝቡ ጋር ተነጋግሮ፣ ካስፈለገ መሥሪያ ቤቱ ራሱ መለወጥ። ከዚያ መጠይቅ ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ በመቶኛ ይሰላል። መጨረሻ ላይ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛው ሞዴል ላይ እንዳለ ይነገረናል። አራተኛው ላይ እንዲደርስ ሥልጠናና በጀት ይጨመርለት ይባላል።

እኔ ይህን መልስ ጥናቱ ሳይጀመርም አውቀዋለሁ። ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ባነር እንሰቅላለን። ካሜራ ይዘን እንገባለን። ከሰዓት ዜናው ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ኃላፊው ገለጹ ብሎ ያልቃል። ፌስቡክ ላይ ይወጣል። በመሐል አንድ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። እጁ ላይ ላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀት አለ። ጉዳዩ የት እንደደረሰ የሚነግረው አጥቶ ነው የመጣው። ሕዝብ ግንኙነት የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ ነው የገባው። ካነበብኳቸው ጥናቶች ውስጥ ይህ ሰው የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። የዘርፉ ምርምር በእነዚህ አርባ ዓመታት ወዴት ሄደ? እኛስ ለምን እዚያው ቆምን?

መልስ 1። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከአንድ አንጋፋ መምህር ነው። እጅግ በትሕትና ጻፉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ሞዴሎቹን በአንድ አፍ አትጣላቸው አሉኝ። ከእነሱ በፊት ምን እንደነበረ ተመልከት ብለው ሁለት ቁጥር ሰጡኝ። ፐብሊክ ሪሌሽንስ ሪቪው የሚባለው የዘርፉ መጽሔት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሜሪ አን ፈርጉሰን የምትባል ተመራማሪ በ1984 በመጽሔቱ ላይ የወጡትን ጽሑፎች ስታገላብጥ፣ ንድፈ ሐሳብ ለመገንባት የሞከሩት 4 በመቶ ብቻ ሆነው አገኘቻቸው። በ2003 ደግሞ ሊን ሳሎትና ባልደረቦቿ በሦስት መጽሔቶች ላይ የወጡ 748 ጽሑፎችን አዩ። ድርሻው ወደ 20 በመቶ ግድም ደርሶ ነበር። ለዚህ ዕድገት የግሩኒግ ድርሻ ትልቅ ነው አሉ። ቤቱን የሠራውን ሰው አመስግነህ ከዚያ መስኮቱ ጠበበ በል ነው ያሉኝ በአጭሩ።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ ማለት እችላለሁ። ዘርፉ ራሱ ይህን ያህል ወጣት መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር።

መልስ 2። አንድ ልጅ የ2003ቱ ጽሑፍ ፒዲኤፍ ያለው እንዲልክለት ጠየቀ። ኢሜይሉንም አስቀመጠ። ከሥሩ ሦስት ሰዎች እኔም እኔም አሉ።

መልስ 3። ጀርመን ሆና ዶክትሬቷን የምትሠራ እህት ረጅም ጻፈች። እርማት ነበር፤ በአግባቡ የቀረበ እርማት። ግሩኒግ ራሱ በ1984 ላይ አልቆመም አለች። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የቢዝነስ ኮሙኒኬተሮች ማኅበር የምርምር ፋውንዴሽን ገንዘብ ትልቅ ጥናት መርቷል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ ከ300 በላይ ድርጅቶች ተጠንተዋል። የጥናቱ ጥያቄ ምርጥ የሕዝብ ግንኙነት ምን ይመስላል፣ ለድርጅቱስ ምን ይጠቅማል የሚል ነበር። ሦስቱን አገሮች ልብ በሉ አለች። ምርጥ የሚለው መለኪያ የተሰፋው በእነሱ ልክ ነው።

ከዚያ የምርምሩ ዓይን ከመልእክት ወደ ግንኙነት ዞረ። በ1999 ሊንዳ ሆንና ግሩኒግ ግንኙነትን የሚለካ መጠይቅ አወጡ። መተማመን፣ እርካታ፣ ቁርጠኝነት፣ እና አንዱ በሌላው ላይ ያለው ተጽዕኖ ሚዛናዊ መሆኑ። አውሮፓውያን ደግሞ በራሳቸው መንገድ ሄዱ። ከ1994 ጀምሮ ስሎቬኒያ ውስጥ ብሌድ ሐይቅ ዳር በየዓመቱ እየተሰበሰቡ፣ የአሜሪካኑ ትርጉም ለእኛ ይሠራል ወይ እያሉ ይከራከራሉ። ስኮትላንድ ውስጥ እነ ጃኪ ሌታንግና ማግዳ ፒየችካ ጥያቄውን ራሱን ለወጡት። ሕዝብ ግንኙነት እንዴት ይሻሻል ማለቱን ትተው፣ ማንን ይጠቅማል፣ የማንን ድምፅ ያፍናል ማለት ጀመሩ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ደሪና ሆልትስሃውዘን ደግሞ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ራሱ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተቃውሞ ድምፅ ሊሆን ይችላል ብላ ጻፈች። እህታችን የዘጋችው እኔን በመጠየቅ ነው። አንተ ከእነዚህ የትኛውን አንብበህ ነው ዘርፉ ቆሟል ያልከው?

ልክ ነበረች። ቆሟል ያልኩት የእኛን መደርደሪያ አይቼ ነው። ይህን ጻፍኩላት።

መልስ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ የባንክ ሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ መጣ። ይህ ሁሉ ስም ለእኔ ምን ይሠራልኛል ነው ያለው። አለቃዬ የሚጠይቀኝ ስንት ላይክ አገኘን ነው። ጋዜጣ ላይ ስንወጣ ደግሞ ያ ገጽ ማስታወቂያ ቢሆን ስንት ብር ያስወጣን ነበር ተብሎ ይሰላል። ክፍላችን ሕዝብ ግንኙነት ነበር፣ ኮሙኒኬሽን ሆነ፣ ከዚያ ኮርፖሬት የሚል ተጨመረበት። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፣ ሥራው ያው ነው። በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድም አጥኚ ቢሮዬ ገብቶ ቀኑን ምን ስትሠራ ዋልክ ብሎኝ አያውቅም። መጠይቅ ያስቀምጣሉ፣ ዓርብ መጥተው ይወስዳሉ። ምሁራን ለምሁራን ይጽፋሉ፤ እኛን ተዉን።

ብዙ ሰው ተስማማበት። እኔም ግማሹን።

መልስ 5። መረጃ ትንተና የሚያስተምር አንድ ሰው ለቁጥር 4 መለሰ። የጋዜጣውን ገጽ በማስታወቂያ ዋጋ መተመን ትክክለኛ መለኪያ እንዳልሆነ የሙያው ሰዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባርሴሎና ላይ ተሰብስበው ተስማምተውበታል አለ። ስለዚህ አለቃህን ልትሞግትበት የምትችለው ወረቀት አለ፤ ምሁራንን ከመሳደብህ በፊት አንብበው።

ከዚያ ግን ለቁጥር 4 ትልቅ ነገር ፈቀደለት። ስለ መጠይቁ እውነትህን ነው አለና የራሱን ገጠመኝ አወራ። በዚህ ክር ውስጥ ብዙ ያስተማረኝ ይህ ነው። ያንን የ1999 መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሶ በአንድ መሥሪያ ቤት በተነ። አራተኛውን ሐሳብ፣ ያንን ሚዛናዊ ተጽዕኖ የተባለውን፣ የጋራ ቁጥጥር ብሎ ነበር የተረጎመው። ወረቀቱን ሲሰበስብ አንዲት ሠራተኛ ጎተት አድርጋ ኦዲት ሊመጣብን ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ለካ ቢሮው ሙሉ ቁጥጥር የሚለውን ቃል ሲያይ የታየው ተቆጣጣሪ ነው። ወረቀቶቹን ቤቱ ወስዶ አያቸው። እስማማለሁ ከሚለው ሥር ምልክቱ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ወርዷል። መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡን ያዳምጣል የሚለውም እስማማለሁ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡን ችላ ይላል የሚለውም እስማማለሁ ነው። የሞሉት ሰዎች አልዋሹም አለ። ፈርተው ነበር። እኔ ግን ያንን ፍርሃት እርካታ ብዬ ልጽፈው ነበር።

መልስ 6። እዚህ ላይ ክሩ ወደ ሌላ ዞረ። አንዲት ጋዜጠኛ ስለ ቀውስ ጊዜ ኮሙኒኬሽን አነሳች። አሁን አብዛኛው ሰው የሚያጠናው እሱን ነው፣ የእኛም አገር በዓለም መጽሔቶች ላይ የተነሳችው በእሱ ነው አለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ ስለወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ማለቷ ነው። 157 ሰው አልቋል። በዚያው ቀን አየር መንገዱ ያወጣውን ፎቶ አስታወሰችን። የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተወልደ ገብረማርያም በተቆፈረው አፈር መሐል፣ ስብርባሪ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ያ ፎቶ ከመግለጫው ሁሉ በላይ ተናግሯል አለች። የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግ ግን በዚያው ሳምንት ይቅርታ ጠይቆ ነገሩን ሊያበርድ ሞከረ ብላ ጨመረች።

መልስ 7። አጭር እርማት ከሌላ ሰው። በዚያ ሳምንት ቦይንግ ያወጣው የሐዘን መግለጫ ነበር። የኩባንያው የወቅቱ ኃላፊ ዴኒስ ሙሊንበርግ ለጠፋው ሕይወት ይቅርታ የጠየቀው መጋቢት 26 ነው። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ይፋ በሆነበት ዕለት። ሐዘንና ይቅርታ አንድ አይደሉም፤ ለአጥኚ ልዩነቱ ሁሉም ነገር ነው አለ። ቀጥሎ የቀውስ ጊዜ ኮሙኒኬሽን ተመራማሪውን የቲሞቲ ኩምስን ንድፈ ሐሳብ አነሳ። ኩምስ እንደሚለው ሕዝብ ጥፋቱን ለድርጅቱ የሚሰጠው በቀውሱ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት እንደሆነም ያያል። አምስት ወር ሳይሞላ በፊት ኢንዶኔዢያ ውስጥ የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ስለዚህ የሐዘን መግለጫ ብቻውን ለቦይንግ አይበቃም ነበር።

ጋዜጠኛዋ እርማቱን ተቀበለች። ግን አንድ ጥያቄ አስከተለች። ሁለት ድርጅት፣ ሁለት መንግሥት፣ የሟች ቤተሰቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ንድፈ ሐሳቡ ለምን አንዱን ድርጅት ብቻ ያያል? ጀርመን ያለችው እህት በሁለት መስመር መለሰች። ዴንማርክ ውስጥ ፊን ፍራንድሰንና ቪኒ ዮሃንሰን ይህንኑ ጠይቀዋል። ቀውስን ብዙ ድምፆች የሚገናኙበት መድረክ አድርገው ነው የሚያዩት።

መልስ 8። አንድ የክልል ባለሙያ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መለሰን። አምስተኛ ሞዴል አለ አለ። ክሪሽናሙርቲ ስሪራሜሽ ሕንድ ውስጥ ሲያጠና ከአራቱ ውጭ የሆነ ነገር አገኘ። ሠራተኛው ሥራውን የሚሠራው በግል ትውውቅ ነው። ጋዜጠኛውን፣ ሹሙን፣ ጸሐፊዋን በማወቅ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሕንድን፣ ግሪክንና ታይዋንን ያነጻጸረ ጽሑፍ ግሩኒግ ራሱ ያለበት ወጥቷል። የእኛም ቢሮ የሚሄደው በዚህ ነው አለ። እኔ ዜና የማስወጣው ስልክ ውስጥ ባለው ስም ነው፤ ለቅሶ በመድረስ፣ ክርስትና በመጠራት ያገኘሁት ስም።

መልስ 9። ይህኛው ቁጣ ነበር። ትውውቅ እያላችሁ ንድፈ ሐሳብ አታልብሱት አለ ጸሐፊው። በአበል የተገዛ ዜና፣ በዘመድ የተገፋ ጉዳይ፣ እሱን ነው ባህል የምትሉት። ዘመድ የሌለው ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ምሁር ሆኖ ይህን ማስጌጥ ያሳፍራል።

መልስ 10። ቁጥር 8 ተቆጣ። እኔ መቼ ጉቦ ወጣኝ አለ። ለቅሶ መድረስና ገንዘብ መቀበል አንድ ከሆነብህ አገርህን አታውቅም። ሁለት ሌሎች ገቡበት። የክሩ አስተባባሪ ሰውን ትታችሁ ሐሳቡን ተነጋገሩ ብሎ አንድ መልስ ሰረዘ።

እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ። ስሪራሜሽ ያየውን ነገር መካድ አይቻልም። ግን ቁጥር 9 ያነሳው ዘመድ የሌለው ሰው፣ ላስቲክ ውስጥ ወረቀት የያዘው የእኔው ሰው ነው። የትውውቅ ጥናት ሁሉ በትውውቁ ውስጥ ያሉትን ይጠይቃል። ውጭ የቀረውን ማን ይጠይቀው?

መልስ 11። በቅርቡ የተመረቀ አንድ ወጣት የራሱን ጽሑፍ አነሳ። ማይክል ኬንትና ሞሪን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1998 ድርጅቶች በድረ ገጽ ከሕዝብ ጋር እንዴት ሊወያዩ እንደሚችሉ አምስት መርሆች አውጥተው ነበር። እሱ መርሆቹን ይዞ የአንድ መሥሪያ ቤት ፌስቡክ ላይ ቆጠራ አካሄደ። ስልክ ቁጥር አለ፣ ምልክት። ሊንክ አለ፣ ምልክት። አስተያየት መጻፊያ ክፍት ነው፣ ምልክት። በመጨረሻ ገጹ በጣም ውይይታዊ ነው የሚል ውጤት ወጣለት። ከአስተያየቶቹ ሥር ግን መሥሪያ ቤቱ ለአንዱም አልመለሰም። ይህን ጽሑፌን ለፈታኞች ባቀረብኩበት ዲፌንስ ላይ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም ብሎ ጻፈ። ጊዜው አልቆ ነበር፣ ምዝገባው ሊያልፈኝ ነበር አለ። ከዓመት በኋላ ይህን በገዛ ፈቃዱ መጻፉን አከብራለሁ። ጀርመን ያለችው እህትም አጽናናችው። ኬንትና ቴይለር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ተመልሰው ውይይት ስንል ይህን ማለታችን አልነበረም የሚል ማብራሪያ ጽፈዋል አለችው።

መልስ 12። አሁን ሁሉ ነገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኗል፣ አንተም እሱን ያዝ፣ ቶሎ ይታተምልሃል አለኝ አንዱ። ሌላው ዜናውን የሚጽፍለት እሱ መሆኑን ተናገረ። ከዚያ የትኛው ይሻላል የሚል ክርክር ውስጥ ገቡ። እዚያው ተውኳቸው።

መልስ 13። ሐሙስ ጠዋት አንድ ጡረታ የወጡ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጻፉ። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ልጄ፣ ጥያቄህ መልስ የሚያገኘው ከአሜሪካ መጽሐፍ ሳይሆን ከነጋሪት ጋዜጣ ነው አሉኝ። የመረጃ ነፃነቱን አዋጅ፣ ቁጥር 590/2000ን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። በአዋጁ መሠረት ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሲፈልግ ጥያቄውን የሚቀበለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። መልስ የሚሰጥበትም ጊዜ ተቀምጧል፤ 30 ቀን። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የእንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ስለዚህ በር ላይ የቆመው ሰው ቦታ ተሳስቶ የመጣ አይደለም። ሕጉ የላከው ወደ አንተ ነው።

አዋጁ ከወጣ በኋላ እሳቸው በነበሩበት ቢሮ አንድ መዝገብ ተከፍቶ ነበር። ሰፊ፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው። አምዶቹ ቀን፣ ስም፣ የተጠየቀው መረጃ፣ የተሰጠው መልስ የሚሉ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞልተዋል። እየቆየ የመጨረሻው አምድ ባዶ እየሆነ ሄደ። ከዚያ ስሙም ቀረ። ከዚያ መዝገቡ የአበል ፊርማ መሰብሰቢያ ሆነ። ይህንን አዝነው ነው የጻፉት። እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 14። ቁጥር 4፣ የባንኩ ሰው፣ ተመልሶ መጣ። ከባንክ በፊት እሱም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቷል ለካ። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ ግን አልለዘበም። ጋሼ፣ ሕጉን አልክድም አለ። ነገር ግን ኃላፊነቱ የተሰጠው መረጃው በእጁ ለሌለ ሰው ነው። ፋይሉ ያለው ዳይሬክቶሬት ጋ ነው። ዳይሬክተሩ ያለ የበላይ ፊርማ አይሰጥም። የበላይ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሠላሳ ቀኑ የሚያልቀው በእነዚህ ሦስት በሮች መሐል ነው፣ ስሙ የሚጠፋው ግን የሕዝብ ግንኙነቱ። እስቲ ይህን አጥኑት። እሱን ካጠናህ እኔም ቃለ መጠይቅ እሰጥሃለሁ።

መልስ 15። አንጋፋው መምህር ሦስት ቀን ዝም ብለው ሲከታተሉ ቆይተው የመጨረሻውን መልስ ጻፉ። መጠይቁን ተወው አሉኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ምረጥ። አንድ የመረጃ ጥያቄ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ በየጠረጴዛው ተከተለው። የት እንደቆመ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ጠያቂው ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ጻፍ። የሆልትስሃውዘንን ጥያቄም ያዝ፤ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ለጠያቂው ወግኖ የተከራከረበት ቀን ነበር ወይ? ግሩኒግን ከፈለግክ በመጨረሻ ታገኘዋለህ። አራተኛው ሞዴል፣ መሥሪያ ቤቱ በዜጋ ጥያቄ ምክንያት ራሱን መለወጡ፣ ካለ እዚያ መዝገብ ውስጥ ነው የሚታየው፤ ከሌለም እዚያው ነው መቅረቱ የሚታየው።

ዓርብ ከሥራ በኋላ የእኛን ቢሮ ቁም ሣጥን ከፈትኩ። የአምናና የካቻምና ባነሮች ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ከሥራቸው መዝገብ አገኘሁ፤ ጋሼ እንዳሉት ዓይነት ሰማያዊ ጠርዝ ያለው። የመጨረሻው ጠያቂ የፈለገው የአንድ የቦታ ካሳ ግምት የተሠራበትን ሰነድ ነው። የተሰጠው መልስ በሚለው አምድ ላይ አንድ ቃል ተጽፏል። ይመለስ ይላል። ሰውየው ይመለስ ይሁን ሰነዱ ይመለስ፣ ከጽሑፉ አይታወቅም። ገጹን ፎቶ አነሳሁ። የጠያቂውን ስም ሸፍኜ ሰኞ ለአማካሪዬ የማሳየው እሱን ነው።